ኢንዳይትመንት ምንድን ነው?

ሰሞኑን ደግሞ አንድ ተንታኝ በአሜሪካ ክስ ስለተመሰረተበት ሰው ሲናገር «ግራንድ ጁሪው ጥፋተኛ ብሎታል» አለ። ግራንድ ጁሪ ክስ ይመስረት ወይስ አይመስረት ብሎ የሚወስን የዜጎች ቡድን ነው። ጥፋተኛ አላለውም። ሊለውም አይችልም፤ ሥልጣኑ የለውም።

ኢንዳይትመንት በአሜሪካ ግራንድ ጁሪ አጽድቆት ለፍርድ ቤት የሚቀርብ የወንጀል ክስ ነው። (ኢንዲክትመንት አይባልም፤ «ሲ» ፊደሏ አትነበብም።)

ስህተቱ የሚመጣው ግራንድ ጁሪው የሚሰበሰብበት ክፍል ውስጥ ማን እንዳለ ካለማወቅ ነው። በፌዴራል ደረጃ ከ16 እስከ 23 ሰዎች ይቀመጣሉ። ዐቃቤ ሕጉና ምስክሮቹ አሉ። ዳኛ የለም። የተጠርጣሪው ጠበቃም የለም፤ ስለዚህ ምስክሩን በመስቀለኛ ጥያቄ የሚያፋጥጠው ሰው የለም። 12ቱ ከተስማሙ ክሱ ያልፋል። የሚጠየቁትም «ወንጀሉን ፈጽሟል ብሎ ለመጠርጠር በቂ ምክንያት አለ ወይ?» ብቻ ነው። ችሎት ላይ ግን ዐቃቤ ሕጉ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ማስረዳት አለበት። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነው።

እንደ ሪፈር ወረቀት እዩት። ጤና ጣቢያው «ይህ ሰው ሆስፒታል ይታይ» ብሎ ይጽፋል። ሪፈር የያዘ ሁሉ ታማሚ አይደለም፤ በሪፈር ብቻ ቀዶ ጥገና የሚያደርግ ሐኪምም የለም። ሪፈር የተከለከለም የግድ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ግራንድ ጁሪው ክሱን ባያጸድቀው እንኳ ዐቃቤ ሕጉ ተጨማሪ ማስረጃ ይዞ ሊመለስ ይችላል፤ እንደ ኒው ዮርክ ባሉ ግዛቶች ግን የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ዶናልድ ትራምፕን ተመልከቱ። ኒው ዮርክ ላይ እ.ኤ.አ. በማርች 2023 ክስ ተመሰረተባቸው። ጥፋተኛ የተባሉት በሜይ 2024 ነው፤ ያውም ሁለቱንም ወገን በሰማ ሌላ ጁሪ፣ በ12 ሰዎች ሙሉ ድምፅ። በኦገስት 2023 ዋሽንግተን ላይ የቀረበባቸው ኢንዳይትመንት ግን ምርጫውን ካሸነፉ በኋላ በኖቬምበር 2024 ለሙግት ሳይደርስ ተዘጋ። ሰውየው ያው ነው፣ የሰነዱም ዓይነት ያው ነው፤ መጨረሻቸው ግን ለየቅል።

ደግሞ ክስ ሁሉ ኢንዳይትመንት አይደለም። ቀላል ወንጀል ሲሆን ዐቃቤ ሕግ ራሱ ይከሳል። ግዛቶችም በግራንድ ጁሪ የመክሰስ ግዴታ እንደሌለባቸው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1884 ወስኗል። እንግሊዝ ደግሞ ግራንድ ጁሪን እ.ኤ.አ. በ1933 ብታስቀርም የከባድ ወንጀል ክስን ዛሬም ኢንዳይትመንት ትለዋለች።

ስለዚህ ዜና የምትሠሩ ሰዎች፣ እባካችሁ «ክስ ተመሰረተበት» በሉ። «ተፈረደበት» አይደለም። «ታሰረ»ም አይደለም፤ ክሱ በምስጢር ታሽጎ ተከሳሹ ገና ምንም ያልሰማበት ጊዜ አለና።