ከጥብቅና ወደ ሕግ አውጪነት፦ የደሴና የኮምቦልቻ ጠበቆች መንገድ

በኢትዮጵያ አንድ የግል ጠበቃ በሕዝብ ድምፅ ወደ ሕግ አውጪ ምክር ቤት የሚገባበት መንገድ በሁለት የሕግ ዘርፎች የሚመራ ነው፤ አንደኛው የጥብቅናን ሙያ፣ ሁለተኛው የምርጫን ሥርዓት ይመለከታል። የደቡብ ወሎ ዞን ዋና ከተማ በሆነችው ደሴና ከእርሷ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ኮምቦልቻ የሚሠራ ጠበቃ ዓይኑን ሊጥልባቸው የሚችሉት ዋና ዋና ምክር ቤቶችም ሁለት ናቸው፦ አዲስ አበባ የሚገኘው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና መቀመጫው ባሕር ዳር የሆነው የአማራ ክልል ምክር ቤት።

መንገዱ የሚጀምረው ከሕግ ትምህርት ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ክፍል ከከፈተ ወዲህ የአካባቢው ወጣት ለሕግ ዲግሪ ወደ ሩቅ አገር መሄድ ግድ አይለውም። ከተመረቀ በኋላ በዳኝነት፣ በዐቃቤ ሕግነት ወይም በነገረ ፈጅነት የተወሰነ ጊዜ አገልግሎ ወደ ግል ሥራ የሚገባው ብዙ ነው። በፌዴራል ደረጃ ሙያውን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ሲሆን፣ ይህ አዋጅ ጠበቆች በማኅበር ተደራጅተው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ በር ከፍቷል። በክልል ፍርድ ቤቶች ለመቆም ደግሞ የክልሉ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 78 እና 80 የፌዴራል ከፍተኛና የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቶችን ሥልጣን ለክልል ፍርድ ቤቶች በውክልና ስለሰጠ፣ የደሴ ጠበቃ በአንድ ችሎት ሕንፃ ውስጥ ሁለቱንም ዓይነት ጉዳይ ይዞ መቆሙ የተለመደ ነው።

የሁለቱ ከተሞች የሥራ ጠባይ ግን አንድ አይደለም። በንግድና በአስተዳደር ማዕከልነቷ በምትታወቀው ደሴ የይዞታ፣ የውርስ፣ የባልና ሚስት ንብረት ክፍፍልና የንግድ ብድር ክርክር ይበዛል፤ የቤተሰብና የውርስ ጉዳይም ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የቢራ ፋብሪካ፣ ደረቅ ወደብና የኢንዱስትሪ ፓርክ ባሉባት ኮምቦልቻ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ፣ የትራንስፖርትና የመድን ጉዳዮች ጎልተው ይታያሉ። ይህ ልዩነት ለፖለቲካም ትርጉም አለው፤ ከሥራ የተሰናበተን ሠራተኛ ወክሎ የሚከራከር ጠበቃ ስሙ በፋብሪካ ሰዎች ዘንድ ሲነሣ፣ የንግድ ቤቶች ጠበቃ ግን እምብዛም ከደንበኞቹ ክበብ አልፎ አይታወቅም።

ስም የሚገነባው በችሎት ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ግን ወሎን አለማወቅ ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ የሚቀባበርበት ቅሬ፣ ደም ያቃባን ጠብ ሳይቀር የሚያበርደው የአበጋሮች (የአካባቢው አስታራቂ ሽማግሌዎች) ሽምግልናና የሠፈር ዕርቅ ለጠበቃው ሁለተኛ ችሎት ናቸው። ክስ መመሥረት የሚያስገኝለትን ገንዘብ ትቶ ባለጉዳዮቹን ወደ ሽማግሌ የሚመራ ጠበቃ በዚህ አካባቢ ከፍ ያለ ግምት ይሰጠዋል። የፌዴራል የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ያለ ክፍያ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ያዝዝ ነበር፤ በዚህ አገልግሎት የሚተርፈው ምስጋና በምርጫ ጊዜ ከማናቸውም ፖስተር ይበልጣል ማለት ማጋነን አይሆንም።

የሕዝብ ምርጫ ራሱ በአገሪቱ ረጅም ዕድሜ የለውም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በቀጥታ በሕዝብ እንዲመረጡ ደነገገ፤ የመጀመሪያው ምርጫም በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ተካሄደ። ያን ጊዜ የፖለቲካ ፓርቲ ስላልነበረና ዕጩው በሚወዳደርበት ወረዳ ንብረት እንዲኖረው ይጠየቅ ስለነበር፣ ተወዳዳሪው የሚተማመነው በገዛ ስሙና በርስቱ ነበር። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ለግል ዕጩ በር ቢከፍትም፣ የድጋፍ ፊርማ ማሰባሰቡና የቅስቀሳው ወጪ ብቻውን ለሚሮጥ ሰው ከባድ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ምርጫ ከተደረገባቸው 436 የምርጫ ክልሎች ብልጽግና ፓርቲ 410 መቀመጫ ሲያገኝ፣ የግል ዕጩዎች ያሸነፉት 4 ብቻ ነው። አብላጫ ድምፅ ያገኘ አንድ ዕጩ ብቻ የሚያልፍበት ሥርዓት በመሆኑ፣ ጠበቃው አስቀድሞ የሚያሸንፈው ክርክር በፓርቲው ውስጥ ለዕጩነት የሚደረገው ነው።

የግል ጠበቃ ከሌሎች የሕግ ባለሙያዎች በአንድ ነገር ይቀልለዋል። ዳኛ ለመወዳደር ሥራውን መልቀቅ ሲኖርበት፣ ጠበቃው ማንንም ሳያስፈቅድ ይመዘገባል። የሚቸግረው ከተመረጠ በኋላ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ስለሚሠራ፣ ደሴ ላይ ቀጠሮ የያዙ መዝገቦችን ለሌላ ጠበቃ ማስተላለፍ፣ ውክልናን መመለስና የተከፈለ የአገልግሎት ገንዘብን ማወራረድ ግድ ይሆናል። የክልል ምክር ቤት አባልነት ግን በየጉባኤው ወደ ባሕር ዳር መመላለስን እንጂ ኑሮን ማዛወርን ስለማይጠይቅ፣ ቢሮውን መዝጋት ለማይፈልግ ጠበቃ የተሻለ አማራጭ ነው።

በምክር ቤቱ ውስጥ የሙያው ጥቅም ጎልቶ የሚታየው በቋሚ ኮሚቴ ሥራ ላይ ነው። አብዛኛው ረቂቅ አዋጅ ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ተዘጋጅቶ ስለሚመጣ፣ አባሉ ሕግ ከማርቀቅ ይልቅ የመጣለትን ይመረምራል፤ ከአሮጌው ሕግ ወደ አዲሱ የሚያሻግር አንድ የሽግግር ድንጋጌ በጅምር ላይ ያለን መዝገብ እንዴት እንደሚያሰናክል በችሎት ያየ ሰው ደግሞ በአስረጂ መድረክ የሚያነሣው ጥያቄ የተለየ ይሆናል። በአንጻሩ የጥብቅና ልማድ የሚያስተው አለ። ጠበቃ ለአንድ ወገን መቆምን የተካነ ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ግን የምክር ቤት አባል የመላው ሕዝብ ተወካይ እንደሆነና ተገዢነቱም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል። የቀድሞ ደንበኛው ከሳሽም ሆነ የረታው ተከሳሽ ዛሬ እኩል መራጮቹ ናቸው።

መራጩ ራሱ ይህን ልዩነት ሁልጊዜ አይቀበለውም። ጠበቃ የነበረ ተወካይ ለዕረፍት ወደ ደሴ ሲመለስ የሚቀርብለት አቤቱታ ብዙውን ጊዜ ስለ ረቂቅ ሕግ ሳይሆን ስለ ተሸነፈ ክርክር፣ ስለ ዘገየ ፍርድና ስለ አልተፈጸመ ውሳኔ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 79 ዳኞች ከሕግ በቀር በማንም እንዳይመሩ ስለሚደነግግ፣ ወደ ዳኛው ስልክ ሊደውል አይችልም፤ ደብዳቤ መጻፍም የተከለከለ ነው። ሊያደርግ የሚችለው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ የተወሰነው የ60 ቀን የይግባኝ ጊዜ ሳያልፍ ጠበቃ እንዲያነጋግሩ መምከር፣ ችግሩ የብዙዎች ከሆነም ጉዳዩን በቋሚ ኮሚቴው በኩል ማንሣት ነው።