የባላንጣ መነሻ ታሪክ ምንድን ነው?

የኮሚክ መጽሐፍ ባላንጣ ከተራ ሰውነት ወጥቶ ወደ ክፋት የተሻገረበትን ሁኔታ የሚነግረን ክፍል መነሻ ታሪክ ይባላል። ብዙዎች ከዓላማ ጋር ያምታቱታል። መነሻው «ምን ደረሰበት?»፣ ዓላማው ደግሞ «አሁን ምን ይፈልጋል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። ባላንጣው የሚያሳምነን አንዱ ሌላውን ሲወልድ ነው።

የባትማንን ባላንጣ ሚስተር ፍሪዝን እንይ። በ1959 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) «ባትማን» ቁጥር 121 ላይ «ሚስተር ዜሮ» ተብሎ ሲወጣ፣ የማቀዝቀዣ መሣሪያ ሲሞክር አደጋ ደርሶበት ከብርድ ውጭ መኖር ያልቻለ የአልማዝ ሌባ ነበር። አደጋው ልብሱንና መሣሪያውን ያስረዳል፤ ለምን እንደሚሰርቅ ግን አይነግረንም። በ1992 ደራሲው ፖል ዲኒ ለቴሌቪዥን አኒሜሽን ሲጽፈው ኖራ የተባለች በጽኑ የታመመች ሚስት ሰጠው። መድኃኒት እስኪገኝላት አቀዝቅዞ ሊያቆያት ሲሞክር የድርጅቱ አለቃ ሙከራውን አስቆመበት፤ በግርግሩም እሱ ራሱ ለብርድ ኑሮ ተዳረገ። ስርቆቱ አሁን ትርጉም አገኘ፦ የሚዘርፈው አለቃውን የሚበቀልበትን መሣሪያ ለመሥራት ነው። ኮሚኮቹም ይህንኑ ወረሱ። የቆየ ገጸ ባሕርይን ያለፈ ታሪክ እንዲህ መልሶ መጻፍ «ሬትኮን» ይባላል።

የድሮዎቹ ባላንጣዎች ባዶ የሆኑት በደራሲ ስንፍና ብቻ አይደለም። በ1954 የወጣው የአሜሪካ የኮሚክስ ኮድ (አሳታሚዎች ራሳቸው ያወጡት የይዘት ደንብ) ለወንጀለኛ ርኅራኄ የሚያሳድር አቀራረብን ከልክሎ ነበር፤ የላላው በ1971 ነው። ማግኔቶም የተፈጠረው በዚህ ዘመን፣ በ1963 «ኤክስ ሜን» ቁጥር 1 ላይ ነው፤ ሚውታንቶች (ልዩ ኃይል ይዘው የተወለዱ ሰዎች) ዓለምን ይግዙ ይላል፣ ለምን እንዲህ እንደሚያስብ ግን አይታወቅም። መልሱ የመጣው በ1981፣ በቁጥር 150 ነው። ደራሲው ክሪስ ክሌርሞንት ምስጢሩን መግቢያው ላይ አላፈሰሰውም። ማግኔቶ በውጊያው መሐል ኪቲ ፕራይድን፣ ገና ልጅ የሆነች አይሁዳዊት ሚውታንት፣ የገደላት ይመስለዋል፤ በናዚዎች የእልቂት ካምፕ አውሽቪትዝ ውስጥ ስላለቁት ቤተሰቦቹ የሚናገረው ያን ጊዜ ነው። ያለፈው በደል እጁ ላይ ካለው ጥፋት ጋር ፊት ለፊት ተጋጠመ። በእኔ ግምት የመነሻ ታሪክ ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝለትም።

ብልሽቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሚዛን ከመሳት ነው። በ1960 የወጣው የሱፐርማን ባላንጣ የሌክስ ሉተር ታሪክ፣ ሱፐርቦይ (ሱፐርማን በልጅነቱ) ከእሳት ሊያድነው ሲሞክር ፀጉሩና የምርምር ሥራው እንደጠፉበት ይተርካል፤ አንባቢ የሚያስታውሰው ግን ፀጉሩን ነው፣ የዕድሜ ልክ ጥላቻ ደግሞ በራሰ በራነት ላይ ሊመሠረት አይችልም። በተቃራኒው በደሉ ከከበደ አንባቢው ለባላንጣው ይወግናል። ያኔ ደራሲው ደንግጦ ያለ ምክንያት ንጹሕ ሰው ያስገድለዋል፤ ገጸ ባሕርዩም እዚያው ይሰበራል። መድኃኒቱ ቅሬታው እውነት፣ የመረጠው መንገድ ግን ከመጀመሪያው ስህተት እንዲሆን ማድረግ ነው።

መነሻው የግድ እርግጠኛ መሆን አለበት ማለት ግን አይደለም። አለን ሙር በጻፈው፣ በ1988 በወጣው ታሪክ የባትማን ባላንጣ ጆከር ያለፈ ሕይወቱን አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ አድርጎ እንደሚያስታውሰው ራሱ ይናገራል። ዓላማው ግን አንድ ነው፦ ማንም ሰው በአንድ ክፉ ቀን እንደሱ ሊያብድ እንደሚችል በፖሊስ ኮሚሽነሩ ጎርደን ላይ ማሳየት።