ቻይንኛ እና እንግሊዝኛ አንድ ቋንቋ ይሆኑ ይሆን? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እጅግ ብዙ ተናጋሪ ያላቸው እነዚህ ሁለት ቋንቋዎች በንግድና በትምህርት በየዕለቱ ስለሚገናኙ፣ ውለው አድረው አንድ ቋንቋ ይሆናሉ የሚል ግምት ይሰማል። ግምቱ የቆመው ስለ ቋንቋዎች መቀላቀል በተያዙ የተሳሳቱ ሐሳቦች ላይ ነው።

«ቃላት ከተወራረሱ ቋንቋዎቹ እየተዋሐዱ ነው።»

እንግሊዝኛ ሻይን «ቲ» ብሎ መጥራት የጀመረው በደቡብ ቻይና ከሚነገረው ሆክየን በመጣ ቃል ነው፤ የቻይና መደበኛ ቋንቋ የሆነው ማንዳሪንም ሶፋን «ሻፋ» ይላል። እንዲህ ያለው ውሰት ግን የቋንቋውን አጥንት አይነካም። በሆንግ ኮንግ አንድ ሰው ወዳጁን «ደስ ብሎሃል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ «ሃፒ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ይወስድና፣ በከተማዋ በሚነገረው በካንቶንኛ የጥያቄ ሥርዓት መሠረት ቆርጦ በመካከሉ «ም» የምትለዋን የካንቶንኛ አፍራሽ ቃል አስገብቶ «ሃፕ ም ሃፒ?» ይላል። ቃሉ የእንግሊዝኛ ቢሆንም የተገዛው ሙሉ በሙሉ በካንቶንኛ ሕግ ነው። እኛም «ቼክ አደረግሁት» ስንል የተዋስነው «ቼክ»ን ብቻ ሲሆን፣ ማን፣ መቼና ምን የሚለውን ሁሉ የሚሸከመው «አደረግሁት» ነው።

«ሁለቱ እጅግ ስለሚራራቁ ከቶ ሊቀላቀሉ አይችሉም።»

ተቀላቅለው ያውቃሉ። ከ1757 እስከ 1842 የቻይና መንግሥት የምዕራባውያንን የባሕር ንግድ በደቡብ ቻይና ባለው በካንተን ወደብ ብቻ ወስኖት በነበረበት ዘመን፣ አንዱ የሌላውን ቋንቋ በወጉ ያልተማሩ ነጋዴዎች የሚግባቡበት ፒጂን የተባለ ቅይጥ መነጋገሪያ ነበራቸው፤ ስሙ ራሱ ቻይናውያኑ «ቢዝነስ» የሚለውን ቃል ከጠሩበት አኳኋን እንደመጣ በሰፊው ይታመናል። ቻይንኛ ነገርን ሲቆጥር በቁጥሩና በስሙ መካከል መስፈሪያ ቃል ስለሚያስገባ፣ በዚህ መነጋገሪያ አንድ ሰው ለማለት «ዋን ፒሲ ማን» ይባል ነበር። ሆኖም በእሱ አፉን የፈታ ሕፃን ስላልነበረና የቻይና ነጋዴዎችም መደበኛውን እንግሊዝኛ በትምህርት ቤት እየተማሩ ስለመጡ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከአገልግሎት ወጣ።

«ሲንግሊሽ የተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው።»

ከሁሉ ይበልጥ መታረም ያለበት ይህ ነው፤ ሕዝብ በቤቱ የሚናገረውን ቋንቋ ስሕተት ብሎ መፈረጅ ተናጋሪውን ያሳፍራልና። በሲንጋፖር ሆክየን፣ ካንቶንኛ፣ ማላይኛና ታሚል የሚናገሩ ቤተሰቦች ልጆች በእንግሊዝኛ ትምህርት ቤቶች ተገናኝተው ሲነጋገሩ ያደገው ሲንግሊሽ የራሱ ሕግ አለው። በልቻለሁ ለማለት «አይ ኢት ኦልሬዲ» የሚል ሰው የግሱን ጊዜ አላጣውም፤ ድርጊቱ መፈጸሙን፣ ልክ እንደ ቻይንኛ፣ በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ በሚገባ ቃል አመልክቷል። ስሜትን የምትገልጸው «ላ»ም እንደልብ የትም አትገባም፤ ቦታዋን የሳተ ባዕድ ወዲያው ይታወቃል። መንግሥት በ1979 ማንዳሪንን፣ በ2000 ደግሞ መደበኛውን እንግሊዝኛ የሚያበረታቱ ዘመቻዎችን ጀምሯል፤ ሲንግሊሽ ግን ዛሬም በገበያና በቤት ይነገራል።

«ቻይንኛ አንድ ወጥ ቋንቋ ነው።»

ማንዳሪን፣ ካንቶንኛና ሆክየን በንግግር እርስ በርስ አይግባቡም። በካንተንም ሆነ በሲንጋፖር ከእንግሊዝኛ ጋር ቀድመው የተቀላቀሉት እንደ ካንቶንኛና ሆክየን ያሉት የደቡብ ቋንቋዎች ናቸው፤ ስለዚህ «ቻይንኛ» ሲባል የትኛው ቻይንኛ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

«ቅይጥ ቋንቋ ከተወለደ ሁለቱን ወላጆች ይተካል።»

በካናዳ የሜቲስ ሕዝብ ቋንቋ የሆነው ሚቺፍ ግሱን ከነባር ሕዝቦች ቋንቋ ከክሪ፣ ስሙን በአብዛኛው ከፈረንሳይኛ ወስዶ በእርግጥ የተዋሐደ ቋንቋ ነው። የፈጠሩትም ሁለቱንም ቋንቋዎች አሳምረው የሚያውቁ፣ ራሳቸውን እንደ አዲስ ሕዝብ የሚያዩ ሰዎች ነበሩ። ያም ሆኖ ክሪም ፈረንሳይኛም እስከ ዛሬ በየራሳቸው ይነገራሉ፤ ዛሬ ተናጋሪዎቹ እጅግ ጥቂት የሆኑት ሚቺፍ ራሱ ነው።