ካርዱ ፊትም ሆድም አለው

የምሠራው ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ባለች ጠባብ ማተሚያ ቤት ነው። ባነር፣ ስቲከር፣ የሠርግ ጥሪ፣ ከዚያ ደግሞ ባጅ። ድሮ ባጅ ማለት ወረቀት ላይ አትሞ፣ ጉርድ ፎቶ ለጥፎ፣ ላሚኔት አድርጎ መስጠት ነበር። አሁን በር የሚከፍተው ባጅ መጣ። ማንበቢያው ጋ ሲጠጋ «ቲጥ» የሚለው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ አላት፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩም በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ጠዋት ጠዋት ባጅ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ወጣት ባጃጅ ሲጋፋ ታያላችሁ። ደሴም ቀስ በቀስ እየለመደችው ነው።

ችግሩ፣ ሰው ይሄን ካርድ እንደ ወረቀት መታወቂያ ነው የሚያየው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ካርዱ ግን ፊት አለው፣ ሆድም አለው። ፊቱ ፎቶና ስም ነው፤ እሱ የኔ ሥራ ነው። ሆዱ ውስጥ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ቺፕና ከእሷ ጋር የተያያዘ ቀጭን ሽቦ አለ። በሩ ፊታችሁን አያውቀውም። የሚያውቀው ሆዱን ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደንበኞች ሲነግሩኝ የኖሩት ነገሮች ናቸው። አንዳንዱን እኔ ራሴ አምኜው ከስሬበታለሁ።

«ቀዳዳው የትም ቢሆን ምን ችግር አለው?»

ኪሴን የነካው ይሄ ስለሆነ ከሱ ልጀምር። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን አንድ ድርጅት 60 ካርድ አምጥቶ አሳተመ። አሳምሬ አተምኩለት። ከዚያ ለአንገት ማንጠልጠያው እንዲመች ብዬ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ የሁሉንም አናት በፓንች በሳሁት። በማግስቱ ጠዋት ስልክ ተደወለ። «ወንድሜ፣ አንዱም አይከፍትም እኮ!» 60ውንም ከኪሴ ተካሁ።

ሽቦው አንቴና ነው። የበር ካርዶች ከማንበቢያው ጋር በሚነጋገሩበት የሬዲዮ ሞገድ በብዛት ሁለት ዓይነት ናቸው። በ125 ኪሎኸርዝ የሚሠሩት ላይ ሽቦው ብዙ ጊዜ ተጠምጥሞ ክብ ወይም ሞላላ ይሠራል። በ13.56 ሜጋኸርዝ የሚሠሩት ላይ ግን ጥቂት ዙር ብቻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የካርዱን ጠርዝ ይዞ ይዞራል። እንግዲህ አናቱን ስትበሱት ፓንቹ የሚያርፈው ልክ ሽቦው ላይ ነው። አንድ ቦታ ከተቆረጠ አለቀ። መልሶ የሚቀጥለው የለም።

ቀላል መላ አለው። ካርዱ ሳይታተም በፊት ጨለም ያለ ቦታ ሂዱና የስልካችሁን መብራት ከጀርባው አብሩበት። ካርዱ ነጭና ስስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሽቦው ጥላ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቺፗም እንደ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ትታያለች። ለመብሳት ተብሎ ምልክት የተደረገበት ካርድ ካልሆነ ግን የኔ ምክር አንድ ነው፤ ፓንቹን አስቀምጡት። ግልጽ የፕላስቲክ ማቀፊያ ግዙ፣ ማንጠልጠያው እሱ ላይ ይሰካ። ከካርዱ በጣም ይረክሳል።

«ፕሪንተር ሁሉ ያው ነው፣ አንተ ብቻ አስገባው»

አይደለም። የቢሮ ሌዘር ፕሪንተር ቀለሙን ወረቀት ላይ የሚያጣብቀው በሙቀት ነው፤ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል። ካርዱ የተሠራበት ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ ደግሞ 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል። ያስገባችሁት ካርድ ውስጥ ቀልጦ ይቀራል፣ ፕሪንተሩንም ይዞት ይሄዳል። ተራው ባለ ውኃ ቀለም ፕሪንተርስ? ቀለሙ ፕላስቲክ ውስጥ አይገባም፣ በጣት ስትነኩት ይለቃል። ለዚያ ተብሎ የተቀባ ልዩ ካርድ አለ። ትሪ አስገብቶ ማተምም ይቻላል። ግን ካርዱ ለዚያ የተሠራ መሆን አለበት።

ሁነኛው የካርድ ፕሪንተር ነው። ሪበኑ፣ ማለትም ቀለም የተቀባው ጥቅል ፊልም፣ ላይ ቢጫ፣ ማጀንታ፣ ሳያንና ጥቁር ተራ በተራ ተደርድረዋል፤ መጨረሻ ላይ መከላከያ የሚሆን ግልጽ ሽፋን አለ። የፕሪንተሩ ሄድ፣ ማለትም የሚያትመው ጫፉ፣ ሪበኑን እያሞቀ ቀለሙን ወደ ፕላስቲኩ ያሰርገዋል። ልብ በሉ፣ ሄዱ ካርዱን ተጭኖ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ካርዱ ሜዳ መሆን አለበት። ቺፗ ያለችበት ቦታ ትንሽ አበጥ ወይም ጎድጎድ ካለ ቀለሙ እዚያ ጋ አይይዝም። አንድ ደንበኛዬ «ግንባሬ ላይ ጠባሳ አወጣህብኝ» ብሎ አስቆኛል። ጠባሳ አልነበረም፣ ቺፗ ናት። አሁን ዲዛይኑን ከመጨረሴ በፊት ካርዱን በመብራት አይቼ ፎቶውን ከቺፗ አርቀዋለሁ። መጀመሪያ ስስ ፊልም ላይ አትሞ ከዚያ ወደ ካርዱ የሚያስተላልፍ ማሽንም አለ። እሱ ጎርባጣውን ይሸፍናል፣ እስከ ጠርዝም ያትማል። ዋጋው ግን ሌላ ነው። እንደኔ ባለው ተራ ማሽን ዙሪያውን ቀጭን ነጭ መስመር ቢቀር ሰነፍኩ አትበሉኝ።

ወፍራም ካርድ የምታመጡም አላችሁ። መደበኛው ካርድ 85.6 በ54 ሚሊሜትር ነው፣ ውፍረቱ 0.76 ሚሊሜትር። ያ ቀዳዳ ያለው ወፍራሙ ግን 1.8 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ማሽኑ አፍ ውስጥ አይገባም። እሱን ስስ ባለ ማጣበቂያ ፒቪሲ ላይ አትመን እንለጥፍበታለን። ቀዳዳውም ከፋብሪካው የመጣ ስለሆነ ሽቦው አይነካም።

«ስምና ቁጥር ብቻ ስለሆነ ይርከስልኝ»

ይሄ ጭቅጭቅ የየቀኑ ነው። ባለ ቀለም ሪበን ላይ አንድ ካርድ ሙሉ አንድ ዙር ይበላል። ትንሽ ሎጎ አተማችሁ፣ ፊቱን ሙሉ አተማችሁ፣ ያው ነው። የተረፈው ቀለም ለሚቀጥለው ካርድ አይቀመጥም። መርከስ ካለበት ሎጎውንም ጥቁር አድርጉትና በጥቁር ሪበን እናትመው። ያኔ እንነጋገራለን።

በዚያው ልጨምር፤ ፎቶ በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል። ከዚያ «ፊቴን አደበዘዝከው» ይመጣል።

«ላሚኔት ሲሆን ይበረታል»

ለወረቀት መታወቂያ እውነት ነው። እዚህ ግን ካርዱን ትኩስ ላሚኔተር ውስጥ ስታሳልፉት ሊጣመም፣ ቺፗና ሽቦው የተገናኙበት ቦታም ሊላቀቅ ይችላል። ማቀፊያው ከበቂ በላይ ነው።

«ባትሪው አልቋል መሰለኝ»

ኮምቦልቻ አንድ በር ላይ ካርዴን ሳስጠጋ አልከፍት አለኝ። ጥበቃው አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። «አብሽር ልጄ፣ ባትሪው ደክሞ ነው፣ ፀሐይ ላይ አስጣውና ተመለስ» አሉኝ። በሙሉ ልባቸው ነው። ለእሳቸው «እሺ ጋሼ» አልኩ፤ ለእናንተ ግን ልንገራችሁ፣ እነዚህ ካርዶች ባትሪ የላቸውም። ማንበቢያው ዙሪያውን መግነጢሳዊ መስክ ይለቃል። ካርዱ ሲጠጋ ያ መስክ ሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ቺፗ በዚያች ኃይል ትነቃለች፣ ቁጥሯን ትናገራለች፣ ተመልሳ ትተኛለች። ሰው ሲቀሰቅሳት ስሟን ብቻ ብላ እንደምትተኛ ልጅ ማለት ነው። ስለዚህ በአገልግሎት ብዛት «የሚደክም» ነገር የለም። ካርዱ እንቢ ካለ ወይ ሽቦው ተበጥሷል፣ ወይ ቁጥሩ ሲስተሙ ላይ ተዘግቷል፣ ወይ በሩ ራሱ ችግር አለበት። ለማወቅ የሌላ ሰው ካርድ እዚያው በር ላይ ሞክሩ።

ፀሐዩን ደግሞ ተዉት። ደሴ 2,500 ሜትር ላይ ተቀምጠን ፀሐይ እንናፍቅ ይሆናል። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ግን ጃኬት ይወልቃል። በቀትር ተዘግቶ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ የተቀመጠ ካርድ ይጣመማል፣ ፎቶውም በጊዜ ብዛት ይደበዝዛል።

«ስልኬ አጠፋው»

ይሄኛው ግማሽ እውነት አለው። ጀርባቸው ላይ ጥቁር መስመር ያለባቸው ካርዶች አሉ፤ አንዳንድ ሆቴሎች ለክፍል ቁልፍ የሚሰጧቸው። እነሱ ላይ መረጃው የተጻፈው በማግኔት ነው። የስልክ ሽፋን ወይም የቦርሳ ማግኔት ሊያጠፋው ይችላል። የኛ ካርድ ግን መረጃው ያለው ቺፗ ውስጥ ነው። የስልክ ማግኔት አይደርስባትም።

ታዲያ ካርዱን ስልኩ ጀርባ ሸጉጣችሁ በሩ ጋ ስታስጠጉት ለምን አይሠራም? የስልኩ ብረት መስኩን ስለሚያውከው ነው። አውጥታችሁ ለብቻው አስጠጉት፣ ይሠራል። ሁለት የበር ካርድ አንድ ቦርሳ ውስጥ ስታደርጉም እንደዚሁ ይጋጫሉ። የ13.56ቶቹ ተራ ተያይዘው እንዲናገሩ የሚያደርግ ዘዴ አላቸው። ርካሾቹ የ125ቶቹ ግን ሁለቱም አንዴ ይንጫጫሉ፤ ማንበቢያውም አንዱንም አይሰማም።

«ውኃ ነካው፣ በቃ ሞተ»

አልሞተም። ሽቦውና ቺፗ ፕላስቲክ መሃል ታሽገዋል። ዝናብ የመታው፣ ሱሪ ኪስ ውስጥ ተረስቶ የታጠበ ካርድ አድርቃችሁ ሞክሩት፤ ብዙ ጊዜ ይከፍታል። ከታጠበ በኋላ ሱሪው ከነካርዱ ከተተኮሰ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ፊቱን የሚጎዳው ሌላ ነገር ነው። ከኮሮና ወዲህ ካርዱን በሳኒታይዘር መወልወል የለመደ ሰው አለ። አልኮሉ ያችን ስስ መከላከያ ሽፋን ቀስ እያለ ይበላታል፣ ከዚያ ፎቶው ይነሳል። እርጥብ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል። ሆዱን የሚጎዳው ደግሞ የኋላ ኪስ ነው። ካርዱ ላይ ተቀምጣችሁ ባጃጅ ስትሄዱ ሲታጠፍ፣ ሲዘረጋ ሲታጠፍ ይውልና ሽቦው ከቺፗ ይላቀቃል። ምልክቱን ልንገራችሁ፤ ካርዱ አንዳንዴ ይከፍታል፣ አንዳንዴ አይከፍትም፣ ጎበጥ ስታደርጉት ብቻ ይሠራል። ያኔ መጨረሻው ቀርቧልና ቀድማችሁ አስቀይሩት።

«ይሄን ካርድ ማንም ሊቀዳው አይችልም»

እንደ ካርዱ ነው። የ125 ኪሎኸርዝ ርካሾቹ ለጠየቃቸው ሁሉ ቁጥራቸውን ይናገራሉ። ምስጢር የሚባል ነገር የላቸውም። በትንሽ መሣሪያ ባዶ ካርድ ላይ ለመገልበጥ ሰከንዶች ይበቃሉ። በ13.56 ከሚሠሩት መሃል በጣም የተሰራጨው ሚፌር ክላሲክ የሚባለው ካርድ በ1990ዎቹ እንደ ፈረንጆቹ የመጣ ነው። ምስጢሩን የኔዘርላንድስ ራድባውድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2008 እንደ ፈረንጆቹ ሰብረውታል። ዛሬም በየቦታው ይሸጣል። እንደ ዴስፋየር ያሉት ሌሎች ካርዶች የተሻለ ምስጢር አላቸው፣ ዋጋቸውም ከፍ ይላል። ለሻይ ክፍል በር ርካሹ ይበቃል። ለገንዘብ ቤት በር ግን ካርድ ብቻ አይበቃም፤ የምስጢር ቁጥር ወይም አሻራ ይታከልበት።

በብዙዎቹ ርካሽ ካርዶች ጀርባ ላይ የተጻፈው ባለ አሥር አኃዝ ቁጥርም ያው ቺፗ የምትናገረው ቁጥር ነው። ስለዚህ አዲስ ሥራ ያገኛችሁ ሁሉ፣ ባጃችሁን ፎቶ አንስታችሁ ፌስቡክ ላይ ስትለጥፉ ጀርባውን አታሳዩ። «ጀርባውንም ሎጎ አድርግበት» የምትሉ ድርጅቶችም ቁጥሩ ከመሸፈኑ በፊት ከሠራተኛው ስም ጋር መዝግቡት። አለዚያ የአንዱ ፊት በሌላው ሆድ ላይ ታትሞ የጽዳት ሠራተኛዋ የሥራ አስኪያጁን ቢሮ ስትከፍት ትውላለች።

«ፋይዳ አለኝ፣ በሱ ይከፈትልኝ»

የታተመው የፋይዳ ካርድ የሚነበበው በላዩ ባለው ኪውአር ኮድ ነው። የበሩ ማንበቢያ ደግሞ የሚፈልገው ሽቦና ቺፕ ነው። አይተዋወቁም።

«ጠፋብኝ፣ ፎቶው ስላለኝ እንደገና አትምልኝ»

አንዲት እህት ከኮምቦልቻ ድረስ መጥታ የጠፋ ባጇን ፎቶ በስልኳ አሳየችኝ። «ልክ እንደዚህ አድርገህ ሥራልኝ፤ አለቃዬ ሳይሰማ» አለች። ፊቱን ልሠራላት እችል ነበር። በሩ ግን አይከፈትላትም፤ አዲሱ ካርድ ውስጥ ያለው ቁጥር ሌላ ነው። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ የጠፋው ካርድ አሁንም በሩን ይከፍታል። ያገኘው ሰው ፎቷን ማየት አያስፈልገውም፣ ማስጠጋት ብቻ ነው። ሳትፈራ ለቢሮው እንድትናገር መከርኳት። ሲስተሙ ላይ የድሮውን ቁጥር መዝጋትና አዲሱን መመዝገብ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። የመሥሪያ ቤቱን አድራሻ ባጁ ላይ አታሳትሙ የምለውም ለዚሁ ነው። ያገኘው ሰው የትኛውን በር እንደሚከፍት ለምን ይነገረዋል? ስልክ ቁጥር ይበቃል።

በሁለት ሳምንቷ ደወለች። የድሮው ካርድ ከካፖርቷ ገበር ውስጥ ተገኝቷል። «በትርፍነት ልያዘው?» አለችኝ። ቢሮው «መልሺ» ካላላት በመቀስ ሁለት ቦታ እንድትቆርጠው ነገርኳት፤ አንዱ ቺፗ ላይ እንዲያርፍ።