ቤት ስለማሳመር በልማድ የምናምናቸው ስህተቶች እና እውነታው

ቤት ማሳመር ሲነሳ ምክር የማይሰጥ ሰው የለም። ጎረቤት ይመክራል፣ ዘመድ ይመክራል፣ ቀለም ቀቢው ይመክራል፣ ሻጩም ይመክራል። አብዛኛው ምክር በቅንነት የሚሰጥ ነው። ነገር ግን አንዱ ቤት ላይ ያማረ ነገር ሌላው ቤት ላይ ላያምር ይችላል። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ብርሃን፣ የራሱ አየር፣ የራሱ እርጥበት አለው። እነዚህን ሳያዩ ዕቃና ቀለም መግዛት ነው ብዙ ሰው የሚያስቆጨው።

ደጋግሜ የምሰማቸውን አመለካከቶች አንድ በአንድ ላንሳ። እርጥበት ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚባክነው እዚያ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

“ግድግዳው ከተላጠ እንደገና መቀባት ነው”

ቀለም ያለ ምክንያት አይላጥም። አርጅቶ ሊሆን ይችላል። ግን አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚነፋ፣ የሚፈረፈር ወይም ቢጫ ክብ የሚሠራ ከሆነ ከኋላው ውሃ እንዳለ ጠርጥሩ። በላዩ አዲስ ቀለም ቢደረብ ለጊዜው ያምራል። ከዚያ ያው ቦታ ተመልሶ ይነፋል፤ ለቀለም የወጣው ገንዘብም አብሮ ይላጣል።

ውሃው የሚመጣበት መንገድ ብዙ ነው። ጣራ ያፈስሳል። አሸንዳ ይደፈናል። ግድግዳ ውስጥ ያለፈ ቧንቧ ያንጠባጥባል። የመሬት እርጥበት ከመሠረቱ ወደ ላይ ይሳባል። ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ግን ከቤቱ ውስጥ የሚመነጨውን እንፋሎት ነው። ሰው ሲተነፍስ፣ ድስት ሲፈላ፣ ሻወር ሲወሰድ፣ ልብስ ቤት ውስጥ ሲሰጣ አየሩ ውሃ ይሸከማል። ያ አየር ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲነካ ውሃውን እዚያው ይተወዋል።

የቱ እንደሆነ ለመለየት የሚረዳ ቀላል ሙከራ አለ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሚሆን ግልጽ ፕላስቲክ ቁረጡ። የረጠበውን ቦታ በጨርቅ አድርቁት። ፕላስቲኩን በላዩ ዘርግታችሁ አራቱንም ጠርዝ አየር በማያስገባ ፕላስተር ግጥም አድርጋችሁ ለጥፉ። አንድ ሁለት ቀን ተዉት። ከዚያ ጠጋ ብላችሁ በጣታችሁ ዳስሱት። ጠብታው ያለው ወደ ክፍሉ በሚያየው ፊት ላይ ከሆነ ችግሩ የቤቱ አየር ነው። ፊቱ ደረቅ ሆኖ ከውስጥ በኩል፣ ግድግዳውን በሚነካው ጎን ካላበው ደግሞ ውሃው ከግድግዳው ውስጥ እየወጣ ነው። የመጀመሪያው ችግር መስኮት በመክፈት፣ ማብሰያ ክፍሉና መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ አየር ማስወጫ በመግጠም ይስተካከላል። ሁለተኛው የቧንቧ ወይም የጣራ ባለሙያ ይፈልጋል። በሁለቱም በኩል የሚያልብ ግድግዳም አለ፤ እዚያ ሁለቱንም መሥራት ግድ ነው።

የግድግዳው ታችኛው ክፍል ላይ ነጭ ዱቄት የሚመስል ነገር ካያችሁ ብዙ ጊዜ ጨው ነው። ውሃ በብሎኬትና በልስን ውስጥ ሲያልፍ ጨው ያሟሟል። ውጭ ወጥቶ ሲተን ጨውን ትቶት ይሄዳል። በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል። የውሃው ምንጭ ካልተዘጋ ግን ይመለሳል።

“ሻጋታን በረኪና ይጨርሰዋል”

ይህ በጣም የተለመደ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ግን ለመደበኛ የሻጋታ ጽዳት በረኪናን አይመክርም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሞተ ሻጋታም አለርጂ ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ስለዚህ መግደሉ ብቻ አይበቃም፣ ከቦታው መወገድ አለበት። ጠንካራ ገጽ ላይ ያለውን በሳሙናና በውሃ ፈትጎ ማንሳት፣ ከዚያ በደንብ ማድረቅ ነው። ውሃ የሚመጥ ነገር፣ ለምሳሌ የኮርኒስ ሰሌዳ ወይም ምንጣፍ፣ ውስጡ ድረስ ከሻገተ አብዛኛውን ጊዜ መጣል ነው የሚያዋጣው።

ሻጋታው እንዳይመለስ የቤት ውስጥ እርጥበት ከ60 በመቶ በታች መሆን አለበት። ከ30 እስከ 50 በመቶ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። ይህን የሚያሳይ ትንሽ መለኪያ ይሸጣል፤ ቀለም ከመግዛት በፊት እሱን መግዛት ያዋጣል። ውሃ የፈሰሰበት ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ከደረቀ አብዛኛውን ጊዜ አይሻግትም። ቁም ሳጥን ደግሞ የውጭ ግድግዳ ላይ አትለጥፉ። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ካራቃችሁት ከኋላው አየር ያልፋል።

በረኪናን ለሌላ ጽዳት ስትጠቀሙም ከአሞኒያ ወይም አሲድ ካለው የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉት። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ የሚጎዳ መርዝ ነው።

“ነጭ ቀለም ክፍል ያሰፋል”

በቂ ብርሃን ያለው ክፍል ላይ እውነት ነው። ጨለም ያለ ክፍል ላይ ግን አይደለም። ነጭ የራሱ ብርሃን የለውም፤ የሚደርሰውን ነው የሚመልሰው። መስኮቱ ትንሽ የሆነ ክፍል ነጭ ሲቀባ ጥግ ጥጉ ግራጫ ይሆናል፣ ክፍሉም የደከመ ይመስላል። እንዲህ ያለ ክፍል ላይ ሞቅ ያለ፣ ጠቆር ያለ ቀለም ብዙ ጊዜ የበለጠ ያምራል። ጥላው የቀለሙ አካል ስለሚመስል አያስጠላም።

ቀለሙ ምን ያህል ብርሃን እንደሚመልስ ማወቅም ይቻላል። ብዙ አምራቾች በካታሎጋቸው ላይ ከ0 እስከ 100 የሚሄድ ቁጥር ይጽፋሉ። ወደ 0 የቀረበው ጥቁር ነው፣ ወደ 100 የቀረበው ነጭ። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን የሚመልሰው ብርሃን ይበዛል።

ክፍልን ለዓይን ሰፊ የሚያስመስለው ሌላው ነገር የወሰን መጥፋት ነው። ግድግዳው፣ በሩና የበሩ ፍሬም አንድ ዓይነት ቀለም ሲሆኑ ዓይን የሚቆምበት መስመር ያጣል። ኮርኒሱም የግድ ነጭ መሆን የለበትም። ዝቅ ያለ ኮርኒስ የግድግዳውን ቀለም ሲይዝ ግድግዳው የት እንዳለቀ ቶሎ አይታወቅም።

አንድ ነገር አጥብቄ የምለምናችሁ፣ ከመዳፍ የምታንስ የቀለም ናሙና አይታችሁ አትወስኑ። ትልቅ ካርቶን ላይ ቀለሙን ሁለት ጊዜ ቀቡት፤ ዙሪያውን ነጭ ጠርዝ ተዉለት፤ የድሮው ግድግዳ ቀለም ዓይናችሁን እንዳያሳስተው። ከዚያ ከግድግዳ ግድግዳ እያዞራችሁ ጠዋት፣ ቀትር ላይና ማታ መብራት በርቶ እዩት። ጠዋት ለስላሳ ክሬም የነበረው ማታ አረንጓዴ መስሎ ሊታይ ይችላል። ያንን ካርቶን ላይ ማየት ይሻላል።

“አንድ ትልቅ አምፖል ኮርኒሱ መሀል ካለ ይበቃል”

አይበቃም። መሀል ላይ ያለ አምፖል ክፍሉን ያበራል፣ ሥራችሁን ግን አያበራም። አትክልት ስትከትፉ ወይም ሰሃን ስታጥቡ መብራቱ ከጀርባችሁ ስለሚሆን በራሳችሁ ጥላ ውስጥ ነው የምትሠሩት። ከመደርደሪያው ሥር የተገጠመ ትንሽ መብራት ይህን ይፈታዋል። ማንበቢያ ቦታም ከጎን የሚመጣ መብራት ይፈልጋል። ሌላ አንድ ደብዘዝ ያለ መብራት ጥግ ላይ ሲጨመር ክፍሉ ማታ ማታ ሌላ ቤት ይሆናል።

አምፖል ስትገዙ ዋትን ሳይሆን ሉመንን ተመልከቱ። ዋት የሚበላውን ኤሌክትሪክ ነው የሚናገረው፣ ሉመን ደግሞ የሚሰጠውን ብርሃን። የድሮው 60 ዋት አምፖል 800 ሉመን አካባቢ ይሰጣል፤ ያንኑ ብርሃን ዘጠኝ ወይም አሥር ዋት ኤል ኢ ዲ ይሰጣችኋል። ካርቶኑ ላይ ኬልቪን የሚልም አለ፤ የብርሃኑን ቀለም የሚናገር ቁጥር ነው። 2700 ሞቅ ያለ ቢጫ፣ 4000 ገለልተኛ ነጭ፣ 6500 ሰማያዊ የሚነካው ነጭ ነው። ለመኝታና ለሳሎን 2700 ወይም 3000 ይስማማል። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለቱን ጫፍ ማደባለቅ ግን ግድግዳውን ዥንጉርጉር ያደርገዋል።

“ትንሽ ክፍል ትንንሽ ዕቃ ነው የሚፈልገው”

ብዙ ትንንሽ ዕቃ የገባበት ክፍል የተጨናነቀ ይመስላል። አንድ ደህና ሶፋ ከሦስት ትንንሽ ወንበር የተሻለ ያርፋል። ምንጣፍም እንደዚያው ነው። ሶፋውን ሳይነካ መሀል ላይ ብቻውን የተነጠፈ ትንሽ ምንጣፍ ክፍሉን ይቆርሰዋል። ቢያንስ የሶፋው የፊት እግሮች ምንጣፉ ላይ ይረፉ።

“መጋረጃ የመስኮቱን ልክ ነው የሚሰቀለው”

ከመስኮቱ በላይ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት፣ ኮርኒሱ ቅርብ ከሆነ እስከዚያ ይድረስ። በግራና በቀኝም ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይውጣ። ሲከፈት ጨርቁ ግድግዳው ላይ ስለሚሰበሰብ መስታወቱን አይሸፍነውም፣ መስኮቱም ትልቅ ይመስላል። ሥዕል ላይ ግን ተቃራኒው ነው፤ ሰው አብዝቶ ከፍ ያደርገዋል። የሥዕሉ መሀል ከወለሉ 145 ወይም 150 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ቢሆን ቆሞ ለሚያየው ሰው ዓይን ይመቻል።

“የቤት ውስጥ ተክል አየሩን ያጸዳል”

ይህ እምነት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ናሳ ካወጣው ጥናት ነው። ሙከራው የተሠራው ግን አየር በማያስገባ ዝግ ሳጥን ውስጥ ነበር። ቤት ደግሞ በመስኮትም በበር ሥርም አየር ይቀይራል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የጥናቶች ግምገማ፣ ተክሎች ተራ የአየር ለውጥ የሚሠራውን ያህል እንዲሠሩ በአንድ ካሬ ሜትር ወለል ላይ ከ10 እስከ 1000 ተክል እንደሚያስፈልግ አሰላ። ተክሉን ለውበቱ ያዙት፣ እኔም እወደዋለሁ። ለአየሩ ግን መስኮት ክፈቱ።

“ቀለም ወፈር ካለ አንድ ጊዜ ይበቃል”

ወፍራም ቀለም ላዩ ቀድሞ ይደርቃል፣ ውስጡ እርጥብ ይቀራል። ከዚያ ይንጠባጠባል ወይም ይሰነጠቃል። ሁለት ስስ ቅብ ይሻላል። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ላይ ደግሞ አትቸኩሉ። ብዙ ጊዜ አራት ሳምንት ገደማ መጠበቅ ይመከራል፤ ትኩስ ሲሚንቶ ቀለምን የሚበላ ባሕርይ አለው። የተቀባ ግድግዳም በሰዓታት ውስጥ ለእጅ ቢደርቅም በደንብ የሚጠነክረው ሳምንታት ቆይቶ ነው። እስከዚያ ድረስ ፈትጋችሁ አትጠቡት።

ቤቱ አሮጌ ከሆነ የድሮውን ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ከመፋቅ በፊት ቆም በሉ። ቀድሞ ብዙ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ነበረበት፤ አሜሪካ ለመኖሪያ ቤት እንዳይሸጥ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። የእርሳስ አቧራ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። መጀመሪያ አስመርምሩት።

“ሴራሚክ ከተነጠፈ ውሃ አይገባም”

ሴራሚኩ ራሱ ውሃ ባያሳልፍም በሴራሚኮቹ መካከል ያለው ሲሚንቶ ያሳልፋል። መታጠቢያ ቤትን ከውሃ የሚጠብቀው ከሴራሚኩ ሥር የሚቀባው ወይም የሚነጠፈው ውሃ መከላከያ ነው። እሱ ከተዘለለ ውሃው ቀስ ብሎ ወደ ታችኛው ክፍል ኮርኒስ ወይም ወደ ጎረቤት ግድግዳ ይደርሳል። ያን ጊዜ ማስተካከል ማለት ሴራሚኩን ሁሉ ማፍረስ ነው። ስለዚህ ሠራተኛው ሴራሚክ መለጠፍ ከመጀመሩ በፊት ውሃ መከላከያውን በዓይናችሁ እዩ። የወለሉ ተዳፋት ወደ ፍሳሽ መውረጃው መሄዱንም ውሃ ደፍታችሁ አረጋግጡ።

“ሲንኳኳ ባዶ የሚመስል ግድግዳ ማፍረስ ይቻላል”

ክፍል ለማስፋት ግድግዳ ማፍረስ የሚያምር ሐሳብ ነው። በማንኳኳት ግን የሚታወቅ ነገር የለም። ቀጭን ግድግዳም የላይኛውን ፎቅ ወይም ጣራውን ሊሸከም ይችላል። በድምፁ የሚተማመን ሠራተኛ ቢያጋጥማችሁ አትስሙት። የቤቱን ፕላን አውጡና መሐንዲስ ይየው። ሸክም የሌለው ግድግዳ እንኳ ውስጡ የኤሌክትሪክ መስመርና ቧንቧ ሊኖረው ይችላል። ፈቃድ የሚያስፈልግ ከሆነም ቀድሞ ይወሰድ። መዶሻው ከመነሳቱ በፊት ኤሌክትሪኩ ከዋናው ማብሪያ ይጥፋ፣ ውሃውም ከዋናው መዝጊያ ይዘጋ።