ስኳሩ ተስተካከለ ማለት ልጁ ዳነ ማለት ነው?

ሰሞኑን ብዙ ወላጆች «ልጃችን ኢንሱሊን ከጀመረ ወዲህ ስኳሩ ተስተካክሏል፤ መርፌውን እናቁምለት?» እያላችሁ ጠይቃችኋል። እባካችሁ አታቁሙ!

በዓይነት 1 የስኳር በሽታ የሰውነት መከላከያ ራሱ ኢንሱሊን (በደም ውስጥ ያለውን ስኳር የሚቀንሰውን ሆርሞን) የሚያመርቱትን የቆሽት ሴሎች ያጠቃል። መርፌው ሲጀመር የተረፉት ሴሎች ፋታ አግኝተው ለጊዜው ይሠራሉ። ሐኪሞች ይህን ወቅት «ሃኒሙን» (የጫጉላ ጊዜ) ይሉታል።

ፒያሳ የሚኖር የ8 ዓመት ልጅ በቀን 16 ዩኒት ኢንሱሊን ይወጋ ነበር እንበል። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ በላብ ተጠምቋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ስኳሩ ሲለካ 62 ሚ.ግ/ዴ.ሊ፣ ከመጠን በታች ወርዷል! የተረፉት ሴሎች ስለሠሩ መርፌው በዝቶበታል። ወዲያው ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ይሰጠዋል። ከዚያ ሐኪሙ የመርፌውን መጠን 8 ዩኒት ያደርግለታል። ቀነሰ እንጂ አልቀረም።

የሃኒሙኑ ወቅት ለአንዱ ሳምንታት፣ ለሌላው ከዓመት በላይ ይቆያል። ማብቃቱ ግን አይቀርም። ጸበል የምትወስዱትም መርፌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ኢንሱሊን ከተቋረጠ በቀናት ውስጥ ለሕይወት የሚያሰጋ አሲድ በልጁ ደም ሊጠራቀም ይችላል።