ካልቸራል ፕሮብ ምንድን ነው?

ካልቸራል ፕሮብ ዲዛይነሮች አዘጋጅተው ለሰዎች የሚሰጡት ጥቅል ነው። ውስጡ ፖስትካርድ፣ ካርታ፣ ካሜራ፣ አልበም፣ ማስታወሻ ደብተር ሊኖር ይችላል። ሰዎቹ ቤታቸው ይወስዱታል። በተመቻቸው ሰዓት፣ ደስ እንዳላቸው ይሠሩበታል። ሲጨርሱ ወይም ሲሰለቻቸው ይመልሱታል። ከዚያ ዲዛይነሩ የመጣለትን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ እነዚህ ሰዎች ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው፣ ምን ብሠራላቸው ይወዱታል እያለ ያስባል።

ይኸው ነው። ቀላል ይመስላል። ግን በተጠቃሚ ጥናት ሙያ (ነገር ሲነደፍ የሚጠቀሙበትን ሰዎች የማወቅ ሥራ ማለት ነው) ውስጥ ይህን ያህል ተወድዶ ይህን ያህል የተበላሸ ዘዴ ያለ አይመስለኝም።

ነገሩ የተጀመረው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ነው። ፕሬዘንስ የሚባል፣ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የሚካሄድ ፕሮጀክት ነበር። አዛውንቶች በሰፈራቸው ሕይወት ውስጥ ይበልጥ ድምፅ እንዲኖራቸው በቴክኖሎጂ ምን ማድረግ ይቻላል ብሎ የሚጠይቅ ነው። የተመረጡት ቦታዎች ሦስት ናቸው፤ ኦስሎ ውስጥ ማዮርስቱዋ፣ አምስተርዳም ውስጥ ቤይልመር፣ እና ጣሊያን ውስጥ ፒሳ አካባቢ ያለችው ትንሿ መንደር ፔቾሊ። ጥቅሉን ያሰናዱት ቢል ጌቨርና ቶኒ ደን ከለንደኑ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት፣ ኤሌና ፓቼንቲ ደግሞ ከሚላኑ ዶሙስ አካዳሚ ነበሩ። ሥራቸውን በ1999 ኢንተርአክሽንስ መጽሔት ላይ ጻፉት። ዘዴው በስፋት የታወቀው በዚያ ጽሑፍ ነው።

እስቲ ጥቅሉን እንፍታው። ፖስትካርዶቹ ላይ እንዲህ ዓይነት ጥያቄዎች አሉ፦ «በሕይወትዎ የጠቀመዎትን አንድ ምክር ይንገሩን።» «ፔቾሊ ውስጥ የማይወዱት ነገር ምንድን ነው?» «ኪነ ጥበብ በሕይወትዎ ምን ቦታ አለው?» ካሜራው በዚያን ጊዜ ሱቅ የሚሸጠው፣ አንዴ አንስተው የሚጥሉት ዓይነት ነው። ዲዛይነሮቹ የፋብሪካውን ልባስ ገፍፈው በራሳቸው ወረቀት ሸፍነውታል። ጀርባው ላይ የሚነሱ ነገሮች ዝርዝር አለ፤ ቤትዎን፣ ዛሬ የሚለብሱትን፣ ዛሬ መጀመሪያ ያዩትን ሰው፣ የሚያምርዎትን ነገር፣ አሰልቺ ነገር። ከፊልሙ ግማሽ ያህሉ ግን ምንም አልታዘዘበትም። ያሻዎትን ያንሱ ነው። አልበሙ ደግሞ ከ6 እስከ 10 በሚደርሱ ፎቶዎች ታሪክዎን ይንገሩን ይላል።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ካርታዎቹ ናቸው። ሰው የሚያገኙበት የት ነው? ብቻዎን መሆን ሲፈልጉስ? በሐሳብ ጭልጥ የሚሉት የት ተቀምጠው ነው? መሄድ እየፈለጉ የማይችሉበት ቦታስ? ለፔቾሊዎች በተለይ «ፔቾሊ ኒውዮርክ ብትሆን ኖሮ...» የሚል ካርታ ነበራቸው። አብረው የተሰጡት ተለጣፊ ሥዕሎች ከነፃነት ሐውልት ተነስተው ዕፅ በመርፌ እስከሚወጉ ሰዎች ይደርሳሉ። የመንደር አዛውንት ያንን ሥዕል ይዘው የቱ ጋ ልለጥፈው ሲሉ አስቡት! በቃለ መጠይቅ «ሰፈርዎ ውስጥ የሚያሰጋዎት ቦታ አለ?» ብለን ብንጠይቅ የምናገኘው መልስ ይህን አይደርስበትም።

ለምን ዝም ብለው አላናገሯቸውም? ይሉኝታን የሚያውቅ ሰው መልሱን ይገምታል። ከውጭ የመጣ ወጣት ወረቀት ይዞ ፊትዎ ሲቀመጥ «ሁሉ ደህና ነው» ይላሉ። ዲዛይነሮቹ እንደ ሐኪም ወይም እንደ ቢሮ ሰው መታየት አልፈለጉም። ስለዚህ ጥያቄውን ጨዋታ አደረጉት። እነሱም ጣዕማቸውን፣ ቀልዳቸውን፣ ድፍረታቸውን ጥቅሉ ላይ አሳዩ። አንተ ሳትገለጥ ሌላው ይገለጥልኝ ማለት አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የመጣላቸውን አልቆጠሩም። ሰንጠረዥ አልሠሩም፣ በመቶኛ አላስቀመጡም። ያነበቡት እንደ ሰው ደብዳቤ ነው። ያልተመለሰውን ጭምር አነበቡት! የኦስሎዎቹ ሁሉንም ማለት ይቻላል ሠርተው መለሱ። የቤይልመሮቹ ትርጉም የሰጣቸውን እየመረጡ ሠሩ። የፔቾሊዎቹ ጥቅሉን ሲቀበሉ ደስ ብሏቸው ነበር፤ የመለሱት ግን ከግማሽ በታች ነው። ሌላ ተመራማሪ ቢሆን «የመረጃ ጉድለት» ብሎ ያዝን ነበር። እነ ጌቨር ግን ፔቾሊዎች የራሳቸው የሞላ ኑሮ አላቸው፣ ጊዜያቸው ተይዟል ብለው ተረዱትና ያንን ለዲዛይኑ ተጠቀሙበት። ለኦስሎ አዛውንቶች ሕዝቡን በየካፌውና በየትራሙ ጥያቄ እየጠየቁ ውይይት የሚመሩበትን ሥርዓት አሰቡ። ለፔቾሊ ያሰቡት የገጠሩን ድምፅ በሬዲዮ ማሰማት ነው። ሰው ሥራ ሳይፈታ የሚያዳምጠው ነገር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጌቨር ከሌሎች ባልደረቦች ጋር ሆኖ ዘዴውን ወደ ለንደን ቤቶች ወሰደው። እዚያ ከተሰጡት ዕቃዎች አንዱ ሕልም መቅጃ ነበር። ትንሽ የድምፅ መቅጃ ናት። ሕልም አይተው ሲነቁ ጥብጣቧን ይስባሉ። 10 ሰከንድ አለዎት። ከዚያ ትዘጋለች። መልሶ መስማት የለም፣ ማረም የለም። ሌላው የውኃ ብርጭቆ ነው፤ ጆሮዎን አስጠግተው የሰሙትን እዚያው ብርጭቆው ላይ ይጽፉበታል።

ዘዴው ሲሰራጭ ሁሉም እንደየፍላጎቱ ለወጠው። እንግሊዝ ውስጥ የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአእምሮ ሕክምና የወጡ ሰዎች በሚኖሩበት መጠለያ ተጠቀሙበት። እዚያ ቁጭ ብሎ ሰውን መታዘብ ነውር ይሆን ነበር። ስለዚህ ፖስትካርዱና ካሜራው ለኑሯቸው የሚያስፈልገውን በቀጥታ ለማወቅ ዋለ። በ2003 ሲጽፉ ይህንኑ በግልጽ ተናግረዋል። ከመጀመሪያው ሐሳብ ርቋል፣ ግን አልነቅፈውም። የሰዎቹ ደኅንነት ጉዳይ ነውና ግምት ብቻውን አይበቃም። ሄልሲንኪ ውስጥ ቱሊ ማቴልማኪ ጥቅሉ ከተመለሰ በኋላ ከሰዎቹ ጋር ተቀምጦ መነጋገርን ዋና አደረገች። በ2006 የዶክትሬት ሥራዋን የጻፈችው በዚሁ ላይ ነው። ኢንተርሊቪንግ የተባለው ፕሮጀክት ደግሞ በወረቀት ፈንታ የሚሠራ ቴክኖሎጂ ሰጠ፤ ተራርቀው የሚኖሩ ዘመዳሞች ፎቶና መልእክት የሚለዋወጡበት መሣሪያ ቤታቸው አስገብቶ ምን እንደሚያደርጉበት አየ።

እነዚህ አውቀው የለወጡት ናቸው። ችግሩ ሳያውቁ የለወጡት ላይ ነው። በ2004 እነ ጌቨር ራሳቸው ቅሬታ ጻፉ። ሰዎች ጥቅላችንን ወስደው ግልጽ ጥያቄ ይጠይቁበታል፣ ውጤቱን ያጠቃልሉታል፣ እርግጠኛ ለመሆን ይጣጣራሉ አሉ። እነሱ የፈለጉት ግን እርግጠኛ አለመሆኑን ነበር። በ2007 ኪርስተን በነርና ባልደረቦቿ በዘዴው ተጠቀምን የሚሉ ጽሑፎችን አንብበው ተመሳሳይ ነገር አገኙ። ብዙው ሰው ዕቃውን ወስዷል፣ አስተሳሰቡን ትቶታል። ፖስትካርድ ላይ «አገልግሎታችንን ከ1 እስከ 5 ይመዝኑ» ብሎ ማተም መጠይቅ ነው፤ ወረቀቱ አማረ እንጂ። መጠይቅ ነውር የለውም። ፕሮብ አይበሉት ብቻ።

ታዲያ እንዴት ይለወጥ? እኔ የማየው እያንዳንዱ ዕቃ ምን ሥራ እንደሚሠራ ነው። ዕቃውን መተው ይቻላል፣ ሥራውን ግን አለመተው። ለምሳሌ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቡድን ይህን ልሞክር ቢል ፖስትካርዱ ገና ከጅምሩ ይከሽፋል። የኛ ፖስታ በአብዛኛው ሣጥን ቁጥር ጋ ነው የሚቀረው፣ ቤት አይመጣም። የፖስትካርዱ ሥራ ግን አጭር፣ ዘና ያለና ማንም ፊት ሳይቆም የሚሰጥ መልስ ማስገኘት ነው። ያንን የቴሌግራም የድምፅ መልእክት ይሠራዋል። የታተመ ካርታም ብዙ አይረዳም። እዚህ ቦታ የሚነገረው በመንገድ ስም ሳይሆን በምልክት ነው፤ ከማደያው ፊት ለፊት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ። ባዶ ወረቀት ሰጥቶ ከቤትዎ እስከ ታክሲ መያዣው ያለውን ይሣሉልን ማለት ይሻላል። ምን እንደሣሉ ብቻ ሳይሆን ምን እንደዘለሉም ይታያል።

ካሜራው ይከብዳል። ስልክ ብዙ ሰው አለው፣ ነገር ግን ስልክ ይሰርዛል፣ ያሳምራል፣ ያስመርጣል። የድሮው ፊልም ይህን አይፈቅድም ነበር። ስለዚህ ያነሱትን ወዲያው እንዲልኩ፣ ደግመው እንዳያነሱ አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል። አያት ስልኩን ለልጅ ልጃቸው ሰጥተው «አንተው ላክላቸው» ካሉስ? አብዛኛው አጥኚ ያንን መልስ ይጥለዋል። እኔ ብሆን እይዘዋለሁ፤ በዚያ ቤት ስልኩ በማን እጅ እንደሆነ፣ የአያትን ነገር ለውጭ ሰው የሚያደርሰው ማን እንደሆነ ይናገራላ።